ሳሙና ቶሎ የሚያረፋው ጉድጓድ

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ለዚህ ጽሑፍ የተፈጠሩ ናቸው። እትዬ በመቂና በዝዋይ መካከል ካሉት የገጠር መንደሮች በአንዱ ይኖራሉ፤ የመንደሩ የቦኖ ውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ባለሙያው ውሃ ሊመረምር ከከተማ የመጣ ወጣት ነው። የሚነጋገሩበት ጉዳይ ግን ከወንጂ እስከ ሐዋሳ ዙሪያ በብዙ ቤት በየቀኑ ይቀዳል። በምልልስ የጻፍኩት ስለ ገጠር ውሃ የሚወጡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሰማባቸው ነው። በአንዱ ባለሙያው ይናገራል፣ መንደሩ ያዳምጣል። በሌላው የአባቶች እውቀት ይወደሳል፣ ላቦራቶሪው ይረሳል። በሁለቱም መንገድ ልጆች ታመዋል።

ባለሙያው፦ እንደምን ዋሉ እትዬ? ከጉድጓዱ ናሙና ልወስድ ነው የመጣሁት። ጊዜ ካለዎት ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት ነበር።

እትዬ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ና፣ ጥላው ውስጥ ግባ። ከየትኛው ጉድጓድ ነው የምትወስደው?

ባለሙያው፦ ከቦኖው። ጥልቁ ጉድጓድ ከሚሞላው።

እትዬ፦ ከእሱ ብቻ? እኛ እኮ የምንቀዳው ከአንድ ቦታ አይደለም። ለመጠጥ ቦኖው አለ። ሞተሩ ሲበላሽ ወይም ወረፋው ሲበዛ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የእጅ ፓምፕ አለ። ለከብቱ ኩሬው አለ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ያለው ሰው ከአሸንዳው በርሜል ሞልቶ ይይዛል። ልብስ ለማጠብ ግን ሴቱ ሁሉ ቦኖ ነው የሚሄደው፤ የፓምፑ ውሃ ሳሙና ይፈጃል።

ባለሙያው፦ ሳሙና ይፈጃል ሲሉ እንዴት ነው?

እትዬ፦ አያረፋም። ብናሸው ብናሸው ከላይ ነጭ ነገር ይንሳፈፍበታል እንጂ አረፋ አይወጣውም። የቦኖው ገና ሳሙናው ሲነካው ያረፋል፤ እጅም ላይ ሙልጭልጭ ይላል። ሽንብራም በቦኖው ውሃ ቶሎ ይበስላል፤ በፓምፑ ከሆነ እንጨት ያስጨርሳል። ይሄንን አዲስ ሙሽራ እንኳ በገባች በወሩ ታውቀዋለች።

ባለሙያው፦ ማንቆርቆሪያውስ? የፓምፑ ውሃ የሚፈላበት ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል?

እትዬ፦ ይይዛል እንጂ። በሎሚ ነው የምናስለቅቀው። የቦኖው ግን አይዝም። ምን ሆንክ? ጻፍክ ጻፍክ!

ባለሙያው፦ የነገሩኝ ነገር ለሥራዬ ትልቅ ጥቅም ስላለው ነው። ሳሙና የማያረፋውና ማንቆርቆሪያ ላይ ቅርፊት የሚተወው ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው። ካልሲየም ማለት አጥንትና ኖራ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ሳሙናውን ይይዘውና ያ ነጭ ነገር ይሆናል፤ የጥራጥሬውንም ቆዳ ያጠነክረዋል። የሚያሙለጨልጨውና ሽንብራ ቶሎ የሚያበስለው ውሃ ካልሲየሙ ያነሰ፣ ሶዳ መሰል ጨው የበዛበት ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል።

እትዬ፦ ፍሎራይድ የሚሉትን ስሙን ሰምቼዋለሁ። ከልጆቹ ጥርስ ጋር ያያይዙታል።

ባለሙያው፦ አዎ። ይህ አገር እሳተ ገሞራ የተፋው አገር ነው። ፍልውሃው፣ ጥቁር ድንጋዩ፣ አመድ መሰሉ አፈር ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ዝናቡ ወደ ከርሰ ምድር ሲሰርግ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ለረጅም ዘመን ያልፋል፤ ሲያልፍ ፍሎራይድ ያሟሟል። ውሃው ካልሲየም ቢኖረው ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር፣ ብዙም አይከማችም። ካልሲየም ያጣ ውሃ ግን የሚይዝለት ስለሌለ ፍሎራይዱ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ሳሙናውም፣ ሽንብራውም፣ ማንቆርቆሪያውም ወደ አንድ ነገር ነው የሚጠቁሙት።

እትዬ፦ እንግዲህ ሴቱ ሁሉ ያውቀው ነበር ማለት ነው?

ባለሙያው፦ ምልክቱን ያውቅ ነበር። በምልክት ብቻ ደግሞ ሰው ይጠጣ አይጠጣ ብሎ መወሰን አይቻልም። ሳሙና የሚያረፋ ጉድጓድ ሁሉ ፍሎራይድ አለው ማለት አይደለም፤ ሳሙና የማያረፋውም ሁሉ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ፍሎራይድ ራሱ ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ምላስ አያገኘውም። ለዚያ ነው መሣሪያ ይዤ የምመጣው። የእርስዎ ነገር ግን የትኛውን ጉድጓድ መጀመሪያ መመርመር እንዳለብኝ ይነግረኛል። በዚህ ወረዳ ላሉት ጉድጓዶች ሁሉ የሚበቃ ኬሚካልና ነዳጅ የለኝም፤ ከየት እንደምጀምር የሚነግረኝ ሰው ካለ ግማሹ ሥራ ተሠራ።

(እዚህ ላይ ጸሐፊው ጣልቃ ልግባ። ልብስ ማጠቢያ ቦታ ላይ የሚነገረውን መዝግቦ ናሙና የሚወስድ የምርመራ ቡድን ብዙ አይደለም። መጠይቁ ላይ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የተቆፈረበት ዓመት፣ የተጠቃሚው ቁጥር አለ። ውሃው ስንት ሳሙና እንደሚፈጅ የሚጠይቅ መስመር ግን የለም። አንድ መስመር ቢጨመርበት ወረቀቱ አይበዛም።)

እትዬ፦ ጥርሱን ግን እኛ ከሙቀቱ ነው፣ ከአገዳው ነው እንል ነበር። የታላቁ ልጄ ጥርስ ነጭ ነው። ከእሱ በኋላ የተወለዱት ሁሉ ግን ጥርሳቸው በልዟል። ሴቷ ልጄ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ባለሙያው፦ ታላቁ ልጅዎ የተወለደው ቦኖው ሳይመጣ ነው?

እትዬ፦ ቦኖው ሲመጣ እረኛ ሆኖ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው።

ባለሙያው፦ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ቋሚ ጥርስ ከድዱ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው እስከ ስምንት ዓመት አካባቢ ነው። ፍሎራይዱ ጥርሱን የሚያበልዘው በዚያ ጊዜ ነው። ጥርሱ ከተሠራ በኋላ ቢጠጣ አይበልዝም። አጥንት ግን በየትኛውም ዕድሜ ይሰበስባል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆው ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። እንዲህ ያለውን ለብዙ ዓመት የጠጣ ሰው መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል፣ ወገቡ ይጎብጣል። በወንጂ ስኳር ልማት የታየው ይህ ነው። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ለሠራተኛው ተብለው ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ለዓመታት ሲጠጡ ከኖሩት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ጎበጡ፤ አከርካሪው ነርቭ ተጭኖባቸው እግራቸው የሰነፈም አሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህንን በሰፊው አጥንተው ጽፈዋል።

እትዬ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቦኖው ሲመረቅ ከበሮ ተመትቶ ነበር። ከኩሬው ተዉ፣ ይሄ ንጹህ ነው ተባልን። እኛም ተውን። አታለውን ነው?

ባለሙያው፦ አላታለሏችሁም። ከኩሬው መውጣታችሁ ልጆች አትርፏል።

እትዬ፦ እሱማ እውነት ነው። ያኔ ተቅማጥ በየዓመቱ ሕፃን ይወስድብን ነበር። አልቅት ከከብት አፍንጫ እንነቅል ነበር፤ ልጆቹንም ይይዛቸው ነበር። ቦኖው ከመጣ ወዲህ ያ ቀርቷል።

ባለሙያው፦ ጥልቅ ጉድጓድ ከጀርም ያድናል፤ አፈሩ ራሱ ያጣራዋልና። ግን በዚህ አካባቢ ጠልቆ የወጣ ውሃ ከድንጋዩ ጋር የቆየ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፍሎራይዱ ይበዛል። ቅርብ ያለው የጀርም ስጋት አለበት፣ ሩቅ ያለው የፍሎራይድ። ይህ የእናንተ ብቻ ዕጣ አይደለም። ባንግላዴሽ የሚባል አገር አለ፣ በወንዞችና በኩሬዎች የተሞላ። ሕፃናት በተቅማጥ ያልቁ ስለነበር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚሊዮን በሚቆጠሩ የቱቦ ጉድጓዶች ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እንዲዞሩ ተደረገ። ንጹህ መሆኑን ሁሉም አመነ። በ1990ዎቹ ውስጥ ከብዙዎቹ ጉድጓዶች አርሴኒክ የሚባል መርዝ መውጣቱ በሰፊው ታወቀ። እሱም ጣዕም የለውም። ቆዳቸው ጠቆረ፣ መዳፋቸው ሻከረ፣ በካንሰር የሞቱም አሉ።

እትዬ፦ ምን አደረጉ ታዲያ? ወደ ኩሬው ተመለሱ?

ባለሙያው፦ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ መርምረው የፓምፑን አፍ ቀለም ቀቡት። ቀይ የተቀባው ለመጠጥ አይሆንም፣ አረንጓዴው ይሆናል። ማንበብ የማትችል ሴት እንኳ ከየትኛው እንደምትቀዳ አወቀች፤ ብዙዎቹም ወደ ጎረቤት አረንጓዴ ጉድጓድ መሄድ ጀመሩ።

እትዬ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ይሄንን ልያዘው። የእኛን ደግሞ ንገረኝ። ውሃውን አፍልተን ብንጠጣውስ?

ባለሙያው፦ ማፍላት ለጀርም ፍቱን ነው። ፍሎራይድን ግን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲያንስ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀርና ይወፍራል። ክሎሪኑም እንደዚያው ነው። ውሃ አጋር የሚባለው ክሎሪንም ሆነ ሌላው ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድን አይነካም።

እትዬ፦ ኮንሶ የተዳረች እህት አለችኝ። እዚያ ሽፈራውን እንደ ጎመን ነው የሚበሉት። ፍሬው ውሃ ያጠራል ብላኛለች። በእሱስ?

ባለሙያው፦ እውነቷን ነው። ፍሬው ተወቅጦ የደፈረሰ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭቃውን እያያያዘ ወደ ታች ያወርደዋል፤ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከላይ ጥሩ ሆኖ ይጠራል። በሱዳን የዓባይ ዳር ሴቶች የሽፈራው ዘመድ በሆነው ዛፍ ዘር ጎርፍ ያደፈረሰውን ውሃ ያጠሩ ነበር፤ ሳይንቲስቶችም ከእነሱ አይተው ነው ያጠኑት። ከጭቃው ጋር አብዛኛው ጀርም ይወርዳል። ሁሉም ግን አይወርድም፤ የዘሩም ትራፊ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር ካደረ ጀርሙ እንደገና ይራባል። ስለዚህ በዚያው ቀን ነው የሚጠጣው፤ አጥርቶ ክሎሪን ቢጨምሩበት ደግሞ ይበልጣል። ጭቃ ያለበት ውሃ ላይ ክሎሪን ብቻውን ቢገባ ጭቃው ይበላዋል። ለፍሎራይድ ግን በሽፈራው መተማመን አይቻልም።

እትዬ፦ እኛ የምናውቀው ሁሉ ለጭቃና ለጀርም ነዋ።

ባለሙያው፦ የሚታየውንና ቶሎ የሚያሳምመውን ሰው በዘመናት ብዛት ይማረዋል። ፍሎራይድ ግን በአሥርና በሃያ ዓመት ነው የሚጎዳው። ከጉድጓዱ ጋር ማን ያገናኘዋል? ግን የእናንተ እውቀት ላቦራቶሪውን የመራበት ጊዜም አለ። እርስዎ ድሮ ነጠላ በምን ነበር የሚያጥቡት?

እትዬ፦ በእንዶድ ነዋ። ነጠላ የሚነጣው በእንዶድ ነው፤ አሁንም ለፋሲካ ለጥምቀት የማወጣውን በሳሙና አላስነካም።

ባለሙያው፦ በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ሳይንቲስት ዓድዋ ሄደው ነበር፣ ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው ወንዝ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል ነው። ከወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ በእንዶድ ያጥባሉ። እሳቸው ያዩት ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች የሞተው ቀንድ አውጣ ከሌላው ቦታ መብዛቱን ነው። ከዚያ ተነስተው እንዶዱን መረመሩት፤ የሚያረፋው ነገር ራሱ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አገኙ። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓድዋ ለአምስት ዓመት ወንዙን በእንዶድ ሲያክሙ በትንንሽ ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

እትዬ፦ ከሃምሳ ወደ ሰባት! ታዲያ ለምን በየወንዙ አላደረጉትም?

ባለሙያው፦ ውጭ አገር ያሉት ትልልቅ ተቋማት ለረጅም ዓመታት አልተቀበሉትም። የደኅንነት ምርመራው በእኛ ላቦራቶሪ አይበቃም፣ በእነሱ ደንብ መሠራት አለበት አሉ፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ ቶሎ አልተገኘም። እንዶድ ዓሣም ስለሚገድል ጥንቃቄ ይፈልግ ነበር፤ ያ ጥያቄ ተገቢ ነው። ግን መዘግየቱ ከጥንቃቄ አለፈ። እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ በሚሰጠው፣ አማራጭ ኖቤል በሚባለው ሽልማት ተሸለሙ። ዶክተር አክሊሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ያን ቀን ወንዙ ዳር የቆሙበት ሁኔታ ነው። ብዙ ተመራማሪ ቀንድ አውጣ ሲቆጥር የሚያጥቡትን ሴቶች ቀና ብሎ አያይም። እሳቸው አዩ፣ ጠየቁ። በሽታውና መድኃኒቱ አንድ ወንዝ ላይ ነበሩ።

እትዬ፦ እኛን መጥቶ የጠየቀን ግን ብዙ አይደለም ልጄ። ልንገርህ፣ ጻፈው። እናንተ የምትመጡት በጥርና በየካቲት ነው፣ መኪና ሲገባ። ውሃው የሚታመመው መኪናው ሲቀር ነው። ከእጅ ፓምፑ በላይ በረት አለ። በጋውን ሙሉ የተከማቸው እበት ሰኔ ላይ በመጀመሪያው ጎርፍ ይወርዳል። ያን ጊዜ ለሁለት ሦስት ሳምንት የፓምፑ ውሃ ይለወጣል። መልኩ ሁልጊዜ አይለወጥም፤ ሽታው ነው፣ እርጥብ አፈር አፈር ይላል። ሕፃናቱ የሚታመሙት በዚያ ጊዜ ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቢበረታም ውሃው ይሻላል፤ ያለው እበት ታጥቦ አልቋል።

ባለሙያው፦ ይህ የሳይንሱም ቃል ነው እትዬ። የፍሎራይድ ምርመራና የጀርም ምርመራ አንድ አይደሉም። ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ፍሎራይድ ቶሎ አይለዋወጥም፤ ዛሬ በትክክል የተለካው ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ጀርም ግን በሰዓትና በዝናብ ይለዋወጣል። በየካቲት ንጹህ ነው ብለን የጻፍንለት ፓምፕ በሰኔ እንዴት እንደሚሆን ያ ወረቀት አይናገርም። ናሙናውም በበረዶ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ጭቃው ሲውጠን ምርመራው የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ግን ናሙናውን እዚያው ቀበሌ ላይ የሚያቆዩበት ትንሽ የመመርመሪያ ዕቃ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልትሠራው ትችላለች። እርስዎ ሽታው ሲመጣ ይንገሯት፣ እሷ ያን ቀን ትውሰድ።

እትዬ፦ እሺ። ለጥርሱ ነገር ግን መድኃኒት አልነገርከኝም።

ባለሙያው፦ ፍሎራይድ የሚያወጣ ዘዴ አለ፣ ግን ሁሉም ጣጣ አለው። አንዱ ሕንድ ውስጥ ናልጎንዳ በሚባል አካባቢ ስም የሚጠራው ነው። አልሙኒየም ያለበት ጨውና ኖራ በየቀኑ በልክ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ ደግሞ መጣያ ይፈልጋል። ሌላው የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር በማያገባ ምድጃ ይከስላል፣ ይፈጫል፣ ውሃው በእሱ ውስጥ ያልፋል፤ አጥንቱ ፍሎራይዱን ይይዛል።

እትዬ፦ የማን ከብት አጥንት? ማን የባረከው? እዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ቦኖ ነው የሚቀዳው። የጾም ቀንስ ምን ሊባል ነው?

ባለሙያው፦ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የተተከለ ማጣሪያ ብዙ አይቆይም። በስምጥ ሸለቆው የአጥንት ከሰል ሲሞከር መጀመሪያ ከቄሶቹና ከሼኾቹ ጋር መነጋገር የግድ የሆነው ለዚህ ነው። ከተስማሙ ደግሞ ከሰሉ እስኪጠግብ ያገለግላል፣ ከዚያ ይቀየራል፤ መቼ እንደሚቀየር የሚከታተል ሰውና የሚከፈል ገንዘብ ይፈልጋል። የኮሚቴው ሣጥን ይችለዋል?

እትዬ፦ ለሞተሩ ነዳጅ እንኳ እየቸገረን ነው። ቀለል ያለ የለም?

ባለሙያው፦ አለ። ዝናቡ። የዝናብ ውሃ ድንጋይ ውስጥ ስላላለፈ ፍሎራይዱ ከቁጥር አይገባም። ሠላሳ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ሦስት መቶ ሊትር ይሆናል፤ የሚፈሰው ቢፈስ እንኳ ከአሥር ጄሪካን በላይ ይተርፋል። የመጀመሪያውን ዝናብ ይልቀቁት፤ የወፉን ኩስና አቧራውን ይጠብ። ከዚያ በኋላ ያለውን አጥርተው፣ ክሎሪን ጨምረው ይክደኑት። ለቤቱ ሁሉ አይበቃም፣ መብቃትም የለበትም። ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ልጆች መጠጥ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ይሁን። ለልብስ፣ ለገላ፣ ለዕቃ የቦኖው ውሃ ምንም አያደርግም፤ ሳሙናም ይቆጥባል።

እትዬ፦ በጋ ላይስ?

ባለሙያው፦ ጠጥተው የማይጎዱበት የቅርብ ጉድጓድ ካለ ከእሱ፣ ጀርሙን እያከሙ። ለዚህ ነው የፓምፑን ፍሎራይድ አሁን የምለካው። የፍሎራይዱ መሣሪያ በእጄ ስለሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ወተት ያለው ቤት ለልጆቹ አይንፈጋቸው፤ ካልሲየም የጎደለው ሰው በፍሎራይድ የበለጠ ይጎዳል። አሁን አብረን እንሂድ፣ ንባቡን ራስዎ ያዩታል።

(ሄደው ለኩ። የቦኖው ውሃ ከወሰኑ በላይ ሆነ፣ የፓምፑ ከወሰኑ በታች። የእትዬ ሳሙና ትክክል ነበር። እንዲህ የማይሆንበት መንደርም ስላለ መለካት አይቀርም።)

እትዬ፦ እንግዲህ ሦስት ነገር እጠይቅሃለሁ፤ ለላኩህም ንገራቸው። ከዚህ በፊት ሰዎች መጥተው ነበር። ጠርሙስ ሞልተው ሄዱ። ውጤቱን እስከ ዛሬ አላየነውም። እኛ የጠጣነውን ውሃ ቁጥሩን ሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ባለሙያው፦ ይንገሩኝ።

እትዬ፦ አንደኛ፣ ዛሬ ያየነውን ቁጥር ቦኖው ግድግዳ ላይ ጻፉት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ቀኑም ይጻፍ። ቀለሙን ያልከውንም አድርጉት፣ ማንበብ ለማይችለው። ለልጆች የማይጠጣው ቀይ ይቀባ። ይሄ ቦኖው ይዘጋ ማለት አይደለም፤ ብትዘጉት ነገ ኩሬው ጋ ነን። ሁለተኛ፣ ሰኔ ላይ የሚወሰድ ናሙና በጀት ይያዝለት። በረቱን ማራቅ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው፤ በሚመጣው እሑድ ለስብሰባ አቀርበዋለሁ። ሦስተኛ፣ ሌላ ጉድጓድ ልትቆፍሩ ስትመጡ ቧንቧው ሳይቀበር ውሃውን ለኩ። ከለካችሁ በኋላ ከበሮው ይመታ።

ባለሙያው፦ ሦስቱንም እጽፋለሁ። የቦኖውን ግድግዳ ግን ዛሬውኑ ልጻፈው። ቀለም አለዎት?

እትዬ፦ የትምህርት ቤቱ አለ። የጀርሙስ ውጤት መቼ ይደርሳል?

ባለሙያው፦ ነገ ከሰዓት። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እደውላለሁ፤ እሷ መጥታ ከፍሎራይዱ ሥር ትጽፈዋለች።

እትዬ፦ ለእኔም ደውል። የሚቀዳው የኔ ቤት ነው።